አባቴ ከስትሮክ በኋላ ቀን ያንጎላጃሉ፣ ሌሊት ዓይናቸው አይከደንም፤ የእንቅልፍ ኪኒን እንስጣቸው?

ጥያቄ፦ «አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ከሰባት ሳምንት በፊት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ዝሏል፤ ንግግራቸው ተመልሷል። ቀን ቀን ጠያቂ እያወራቸው ሳይቀር ያንጎላጃሉ። ሌሊት ሰባት ስምንት ሰዓት ላይ ይነቁና ‹ልብሴን አምጡ፣ ሥራ ረፈደብኝ› እያሉ እስኪነጋ ይቃዣሉ። ሲተኙ ማንኮራፋታቸው ሳሎን ድረስ ይሰማል። ወንድሜ ‹እንቅልፍ አንጎልን ይጠግናል፣ አትቀስቅሷቸው› ይላል። አክስቴ ደግሞ ‹እንቅልፍ ሲበዛ በሽታው ይደግማቸዋል› ብላ ዓይናቸውን በጨፈኑ ቁጥር ትነቀንቃቸዋለች። ከሰፈር መድኃኒት ቤት ባለ 5 ሚሊግራም ዲያዚፓም ገዝተን ማታ ማታ መስጠት ከጀመርን ስድስት ቀን ሆነ። ሌሊቱን ይተኛሉ፤ ግን እንጀራ መቁረስ ጀምሮ የነበረው ቀኝ እጃቸው እንደገና ዛለ። የታዘዘላቸው አስፕሪን፣ አቶርቫስታቲን፣ አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለትከሻ ሕመም ደግሞ አሚትሪፕቲሊን ነው። ኪኒኑን እንቀጥል?»

ምላሽ፦ አትቀጥሉ። ስድስት ቀን ብቻ የተወሰደ 5 ሚሊግራም ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ይቆማል። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ዲያዚፓምን ለሳምንታት ወይም ለወራት ሲወስድ ከቆየ በአንድ ሌሊት እንዳያቋርጥ። በድንገት ሲቋረጥ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ መጣል ሊያመጣ ስለሚችል፣ ሐኪም ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ነው የሚያስቆመው። የአባትዎ እጅ እንደገና መዛል ግን በዲያዚፓም ብቻ ተሳቦ መታለፍ የለበትም። ድንገት ከሆነ፣ ወይም ፊት መጣመም ወይም የንግግር መበላሸት አብሮት ካለ፣ ሌላ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ቀስ እያለ የመጣ ከሆነም በዚህ ሳምንት ሐኪማቸው ይመርምራቸው።

ከኪኒኑ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። የተኛ ሰውና ሰመመን ውስጥ የገባ ሰው ከአልጋው ራስጌ ሆኖ ለሚያየው አንድ ይመስላሉ። የተኛ ሰው በስሙ ሲጠራና ትከሻው ሲነካ ይነቃል፤ ይነጫነጭ ይሆናል፣ ግን ማን እንደቀሰቀሰው ያውቃል፣ ውሃ ሲሰጡት ይጠጣል፣ ቢያንስ ጥቂት ደቂቃ አብሯችሁ ይቆያል። ሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ዓይኑን ገልጦ መልሱን ሳይጨርስ ይሰምጣል። ትናንት ሁለት ጊዜ ጠርተዋቸው ከነቁና ዛሬ አምስት ጊዜ መጥራት ካስፈለገዎ ጉዳዩ ከእንቅልፍ አልፏል፤ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ። አዲስ ራስ ምታት፣ ማስታወክ ወይም ትኩሳት ሲኖርም እንደዚሁ ነው።

አባትዎ ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ወድቀው ያውቃሉ? አስፕሪን የሚወስድ በዕድሜ የገፋ ሰው፣ አወዳደቁ ቀላል ቢመስልም፣ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀምበት ይችላል። ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣ፣ እየባሰ የሚሄድ ድብታና መዘባረቅ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ «ስትሮኩ ነው» ብሎ ሲጠብቅ ቆይቶ ሲቲ ስካን ሲነሳ ሌላ ነገር የተገኘባቸውን ሰዎች ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ። ሌላው ከዝርዝርዎ ዓይኔን የሳበው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። ለደም ግፊት ጥሩ መድኃኒት ቢሆንም በአረጋውያን ላይ የደም ሶዲየም ሊያወርድ ይችላል፤ ሶዲየም ሲወርድ ደግሞ ሰውየው ይፈዛል፣ ይደነብራል፣ ቀንና ሌሊት ይምታታበታል። በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል፤ ስለዚህ ስኳር፣ የሽንት ኢንፌክሽንና ሳንባ ሲመረመር ሶዲየሙም አብሮ ይታይ። ይህ ሳይጣራ የእንቅልፍ ኪኒን መስጠት ችግሩን መሸፈን ነው።

አሁን ወደ ወንድምዎና ወደ አክስትዎ ክርክር ልምጣ። «እንቅልፍ ይጠግናል» የሚለው አነጋገር ያሳስታል። በስትሮክ የሞተ የአንጎል ሴል ሰውየው አሥራ ስድስት ሰዓት ቢተኛም አይነሳም። እጅ የሚመለሰው ከጉዳቱ ዙሪያ የተረፈው የአንጎል ክፍል ሥራውን እንደ አዲስ ሲማር ነው፤ ትምህርቱም የሚካሄደው በንቃት፣ በመሞከርና በመሳሳት ነው። እንቅልፍ ተራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀን የተሞከረውን ያጸናዋል። የጭቃ ቤት ግድግዳን ያስቡ፤ ምርጉ ሌሊት ይደርቃል፣ ቀን ምንም ካልተመረገ ግን ሌሊት የሚደርቅ ነገር የለም። አባትዎ ቀኑን ሙሉ አንጎላጅተው ሌሊቱንም በኪኒን ቢተኙ ብዙ ሰዓት ተኝተዋል፤ ለእጃቸው ግን ምንም አላተረፉም።

የእንቅልፉ ዓይነትም ይለያያል። ጤናማ እንቅልፍ ከቀላል ወደ ጥልቅ፣ ከዚያ ወደ ሕልም ክፍሉ እየተሻገረ በ90 ደቂቃ ገደማ አንድ ዙር ይጨርሳል፣ በሌሊት አራት አምስት ጊዜም ይመላለሳል። ጥልቁ የሚበዛው በመጀመሪያው እኩሌታ፣ ሕልሙ ደግሞ ወደ ንጋት ነው። አዲስ የተለመደ እንቅስቃሴ ሲጸና ከሚታዩት ነገሮች አንዱ በሁለተኛው እርከን፣ ማለትም ወደ ጥልቁ ከመግባት በፊት ባለው ቀለል ያለ እንቅልፍ ላይ፣ ብልጭ እያሉ የሚጠፉ አጫጭር የአንጎል ሞገዶች ናቸው። ጠያቂ ፊት አሥር ደቂቃ ሸለብ ማለት ሙሉውን ዙር አያዳርስም። (የሕልም ክፍሉን በ1953 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያስታወቁት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። በዚያ ክፍል ሰውነት ሕልሙን እንዳይተውን ጡንቻ ይታሰራል። አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ እስሩ ገና ያልተፈታ ጊዜ የሚመጣው ጭንቀት ነው እኛ ዱካክ የምንለው። ስትሮክ ያለበት ሰው ዱካክ ቢይዘው በሽታው ደገመው ማለት አይደለም፤ በሴኮንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃ ካልለቀቀ ግን ዱካክ ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም።)

«እንቅልፍ የአንጎልን ቆሻሻ ያጥባል» የሚለውም በየስልኩ ሲዞር አያለሁ። መነሻው በ2013 የታተመ በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ በሴሎች መካከል ያለው ክፍተት 60 በመቶ ያህል ሰፍቶ ፈሳሹ ቆሻሻ ይዞ ሲወጣ ታየ ተባለ። በ2024 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ እነሱም በአይጦች፣ ተቃራኒውን አገኘን አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። ስለዚህ አባትዎን በዚህ ምክንያት አላስተኛቸውም፤ እንዲተኙ የምፈልገው የመማሩ ማስረጃ ስለሚበቃኝ ነው።

አክስትዎ የፈሩት ሌላ ነው። እንቅልፍ በራሱ ስትሮክ አያመጣም። የሚያመጣው ከእንቅልፍ ጋር ተደብቆ የሚመጣው ነው፤ እሱም ማንኮራፋታቸው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ከጥያቄዎ ሁሉ «ሳሎን ድረስ ይሰማል» ያሉት ላይ ነው የቆምኩት። ጉሮሮ በእንቅልፍ ላልቶ አየር ሲዘጋ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ደረት ለመተንፈስ ይታገላል፣ ከዚያ እንደ መታነቅ ያለ ድምፅ ተሰምቶ ትንፋሹ ይመለሳል። ቤተሰብ የሚደነግጠው በድምፁ ነው፣ ጉዳቱ ግን በጸጥታው ውስጥ ነው። ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው ይህ ነው። ቢያንስ አሥር ሴኮንድ የሚቆይ መቋረጥ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ አያሳስብም፣ ከ15 በላይ መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ነው። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ችግር በተለያየ ደረጃ አለባቸው፤ ብዙዎቹም ከስትሮኩ በፊት ጀምሮ ነበረባቸው። በእያንዳንዱ መቋረጥ ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ባንኖ ይነቃል፣ የደም ግፊት ያሻቅባል። ሌሊት ሊያርፍ የሚገባው ግፊት ሳያርፍ ያድራል። ሰውየው ጠዋት «ስተኛ አደርኩ» ይላል፤ ቀን ያንጎላጃል። የአባትዎን ቀን የሚበላው ድብታ አንድ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ዲያዚፓም እዚህ ላይ ነው በእሳት ላይ ጭድ የሚሆነው። የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ያላላል፣ አንጎልም ትንፋሽ ሲዘጋ ቶሎ እንዳይነቃ ያደርጋል። ቤቱ ጸጥ ስላለ «ደህና ተኙ» ትላላችሁ። ከዚያም በላይ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ግማሹ ለመውጣት ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል፤ ጉበት የሚሠራው ተረፈ ምርትም ራሱ የሚያስተኛ ሲሆን ከዚያ የባሰ ይቆያል፣ በአረጋዊ ደግሞ የበለጠ። ማታ ማታ ስትሰጡ የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው ይደረባል፤ በስድስተኛው ቀን አባትዎ የዋጡት አንድ ኪኒን ሳይሆን የብዙ ቀን ጥርቅም ነው። ስለ እጃቸው የጻፉትም ምናልባት ያያችሁት በትክክል ነው፤ ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ የተሻለውን የስትሮክ ድካም ለጊዜው መልሶ ሊያወጣው ይችላል፣ ሲወጣ ደግሞ ይሻላል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ መውደቅና ምግብ ወደ ሳንባ መግባትም ይጨመርበት። በነገራችን ላይ ዲያዚፓም ያለ ማዘዣ መሸጥ የሌለበት መድኃኒት ነው። በምትኩ ለአለርጂ የሚሰጡትን ፕሮሜታዚንና ክሎርፌኒራሚን «ቀለል ይላል» ብሎ የሚያቀብል ካለም አይቀበሉ፤ አረጋዊን ያደናብራሉ።

አሚትሪፕቲሊኑም ይታይ። ለሕመም ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ ዕድሜ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ያቃዣል። ሌሊት «ልብሴን አምጡ» ማለታቸው ከመጀመሩ በፊት ነበር የታዘዘው ወይስ በኋላ? ቀኑን ጽፈው ለሐኪማቸው ያሳዩ፤ በራስዎ ግን አያቋርጡት። የትከሻውን ሕመም ለመቀነስ ቀኝ ክንዳቸው በእንቅልፍም በመቀመጥም ትራስ ይደገፍ። ሲያነሷቸው በዛለው እጅ አትጎትቱ፤ ስንት ትከሻ በፍቅር ሲጎተት ተበላሽቷል።

ሜላቶኒን ይጠይቁኛል። ሰዓቱ የተዛባበትን ሰው ትንሽ ሊረዳ ይችላል፣ ጉዳቱም አነስተኛ ነው፤ ብዙ ግን አልጠብቅበትም፣ ቀኑ ሳይስተካከልም አይሠራም።

የቀኑ ነገር ደግሞ በእጃችሁ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ፣ መጋረጃ ይከፈት፣ ይነሱ፣ ልብስ ይቀይሩ። ፒጃማ ለብሶ የሚውል ሰው ቀኑ አልጀመረለትም። ቁርስ አልጋ ላይ አይሁን፤ በረንዳ ወይም ደጃፍ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብርሃን ይምታቸው። አንጎል ውስጥ ያለው ሰዓት የሚቆጥረው በዓይን በኩል በሚገባ ብርሃን ነው፤ መጋረጃው የወረደበት ክፍል ውስጥ ያለ በሽተኛ ምሽትና ቀትር አይለይም። የፊዚዮቴራፒ ልምምዱን በጣም በሚነቁበት ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ ከቁርስ በኋላ፣ ያድርጉት። ኳስ ከመጭመቅ ይልቅ የሚያውቁትን ሥራ ይስጧቸው፦ እንጀራ መቁረስ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ቆሎ ከአንድ ሳህን ወደ ሌላው መልቀም። ሃያ ደቂቃ ሠርተው ይረፉ፣ ከሰዓት ይደገም።

ከምሳ በኋላ አንድ እንቅልፍ ተፈቅዷል፣ ወንድምዎ ይደሰቱ፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ያለቀ። ስትሮክ የመታው ሰው በእርግጥ ይደክማል፣ ድካሙም ስንፍና አይደለም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን አክስትዎ ትክክል ናቸው፤ ዓይናቸው ሲከደን ይጠሯቸው፣ አይነቅንቋቸው። ጠያቂ ቀኑን ሙሉ ሲገባ ሲወጣ መዋሉ ያደክማቸዋል፤ መከልከልም በእኛ ቤት አይሆንም። እንግዲህ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አድርጉትና ጠያቂውን ሥራ ስጡት። ያ ሰዓት የሚያንጎላጁበት ነው፤ ወሬና ካርታ ጨዋታ ከኪኒን ይሻላል። ቡና አልከለክልም። አቦሉን ጠዋት ይጠጡ፤ ከሰዓት ከጠያቂ ጋር የሚደገመው ቶናና በረካ ግን ሌሊቱ ድረስ ደማቸው ውስጥ ይቆያል። አረቄና ቢራ ለእንቅልፍ ተብሎ አይሰጥ፤ የትንፋሹን መዘጋት ያባብሰዋል።

ሃይድሮክሎሮታያዛይዱን ማታ እየሰጣችሁ ከሆነ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ወደ ጠዋት አዙሩት፤ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ማታ ተውጦ ሌሊት ለምን ነቁ አይባልም። ከመተኛታቸው በፊት ሽንት ይሽኑ፣ ፖፖ ከአልጋው አጠገብ ይሁን። ማታ አራት ሰዓት አካባቢ ቴሌቪዥን ጠፍቶ ይተኙ፤ በጎናቸው፣ ጀርባቸው ትራስ ተደግፎ፣ ራስጌው ትንሽ ከፍ ብሎ። በጀርባ ሲተኙ ትንፋሹ ይብሳል። ሌሊት ተነስተው ሥራ ረፈደብኝ ሲሉ አትከራከሯቸው፣ «አባባ ጡረታ ወጥተዋል እኮ» ማለትም አይጠቅምም። ደብዘዝ ያለ መብራት ይብራ፣ መነጽራቸው ይደረግ፣ ሰዓቱ ይነገራቸው፤ «አባባ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፣ ሥራ የለም፣ እኔ እዚህ ነኝ»። ከዚያ ሽንት መጥቷቸው፣ አሟቸው ወይም ጠምቷቸው እንደሆነ ይጠይቁ። አልጋው እርጥብ ሆኖ፣ ምላሳቸው ተነክሶ ወይም ሰውነታቸው ሲንቀጠቀጥ ከተገኘ ግን ቅዠት አይደለም፤ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ። እንቅልፍ ማጣት ራሱ ያንን ይቀሰቅሳል።

ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ የድብርት ሕመም ይይዘዋል። መብላት ከተዉ፣ ሌሊት ነቅተው የሚያለቅሱ ከሆነ፣ ወይም ልምምዱን «ምን ያደርግልኛል» እያሉ ከተዉት ይህንንም ለሐኪሙ ይናገሩ፤ መድኃኒት አለው።

የትንፋሹ ምርመራ ሙሉውን በእንቅልፍ ላብራቶሪ ነው የሚደረገው፣ እሱም በየከተማው የሚገኝ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ጣት ላይ የሚሰካ ኦክስሜትር፣ ሌሊቱን የሚመዘግብ ዓይነት ከተገኘ፣ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ከሁሉ ቀላሉ ስልክ ነው። በጀርባቸውም በጎናቸውም ሲተኙ ደረታቸውና ፊታቸው እንዲታይ አሥር አሥር ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጥ ይነግረኛል። ችግሩ ከተረጋገጠ ዋናው ሕክምና ሲፓፕ የሚባለው፣ በጭምብል አየር እየነፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው መሣሪያ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ግን እውነቱን ልንገርዎ። በ2016 የታተመው ሰፊ ጥናት 2,717 ሰዎችን ተከታትሎ፣ መሣሪያው የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደገና ከመምጣት አልቀነሰም ብሏል። ተጠቃሚዎቹ በአማካይ በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር ያደረጉት፤ የቀን ድብታቸውና ስሜታቸው ግን ተሻሽሏል። ስለዚህ እኔ የማዝዘው በቀን ነቅተው እንዲለማመዱ ነው እንጂ ሁለተኛ ስትሮክ ይከላከላል ብዬ አይደለም፤ ያንን የሚከላከሉት አስፕሪኑ፣ አቶርቫስታቲኑና የግፊቱ መድኃኒት ናቸው። መሣሪያው ውድ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ጭምብሉን የማይችሉ አሉ። ለእነዚያ በጎን መተኛትና ክብደት መቀነስ ይቀራል፤ መለስተኛ ከሆነ ያ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ዛሬ ማታ ኪኒኑን አይስጡ። መጀመሪያ ሌሊቶች ከባድ ይሆናሉ፤ ያ ማለት ኪኒኑ ያስፈልጋቸው ነበር ማለት አይደለም። በዚህ ሳምንት ሶዲየም፣ ስኳርና ሽንት ይመርመሩ። የአንድ ደብተር ገጽ በቀንና በሌሊት ከፍለው የነቁበትንና የተኙበትን ሰዓት ለሁለት ሳምንት ይጻፉ። ሌሊቱን ከወንድምዎ ጋር ተራ ይግቡ፤ ሁለታችሁም በየሌሊቱ ከነቃችሁ በአምስተኛው ቀን መድኃኒት ቤት የምትመለሱት እናንተ ናችሁ። በሁለት ሳምንት ቀኑ ካልተስተካከለ፣ ወይም ቪዲዮው ላይ ያ ጸጥታ ከታየ፣ ደብተሩንና ስልኩን ይዘው የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።